ቡፌው ላይ ያለችው ሰማያዊ

በድሮው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ መሰለችን የማያውቃት የለም። የምትታወቀው ግን በሀብት እንዳይመስላችሁ፤ በአበባ ማስቀመጫ ነው። ልጁን የሚድር፣ ጎጆ የሚወጣ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ "እስቲ መሰለችን ጥሩልኝ" ይላል። እሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ሻጩ ዕቃውን በክንዱ ወልውሎ፣ አበባውንና ወፉን ወደ እሷ አዙሮ ሲያሳያት፣ እጇን ዘርግታ "ፊቱን ተወው፣ መጀመሪያ ቂጡን አሳየኝ" ትላለች። ወጣቶቹ ሻጮች ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

ምን ያስቃል? ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል። ቂጡን ለማሳመር የሚደክም ግን የለም። መሰለች ትገለብጠውና የሚቆምበትን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ትዞረዋለች። ብዙ ዘመን የኖረ ዕቃ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲጎተት ነው የኖረው፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ሻይ የለመደ ጥርስ ይመስላል። አሮጌ ለማስመሰል በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ከሆነ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ የእውነተኛው ጭረት ግን ወዲያም ወዲህም ነው። ቀጥላ በጥፍሯ መታ አድርጋ ስንጥቅ እንዳለው ታዳምጣለች። ከዚያ ስዕሉን ታያለች፤ በእጅ የተሳለ እንደሆነ ሁለት ቅጠል አንድ ዓይነት አይወጣም፣ በማሽን የታተመ እንደሆነ ግን አንዱ ቅጠል የሌላው ቁርጥ ነው። በመጨረሻ ጣቷን አንገቱ ውስጥ ከትታ፣ በቅርጽ የፈሰሰ ዕቃ ላይ የሚቀረውን የመገጣጠሚያ መስመር ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ስትጨርስ ለገዢዋ አንድ ቃል ነው የምትነግራት፤ "ውሰጂው" ወይም "ተዪው"። ስለ ቤቱም ትጨቀጭቃለች። ለጠባብ ሳሎን ወገቧ ቀጭን የሆነች ትበቃለች፣ እንስራ የሚያህለውን አስገብታችሁ እናንተ የት ልትቀመጡ ነው ትላለች።

ይህን ሙያ ያስተማሯት አማቷ አቶ ወልደሰንበት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የምድር ባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። ጣቢያው ውስጥ ይኖር የነበረ ሙሴ ሉዊ የሚባል ፈረንሳዊ አገሩ ሲገባ የቤቱን ዕቃ ለሠራተኛው ሲያከፋፍል፣ ለእሳቸው አንዲት የአበባ ማስቀመጫ ደረሰቻቸው። ነጭ ናት፣ በሰማያዊ ቀለም ጅራቱ የረዘመ ወፍና ሐረግ ተስሎባታል፣ አንገቷ ቀጭን ነው። ጎረቤቱ ወንበርና ድስት ተሸክሞ ሲገባ እሳቸው ይህችን ታቅፈው ቢመጡ፣ ባለቤታቸው ሰንበት ብለው ነው ያናገሯቸው ይባላል። መሰለች ልጃቸውን ተስፋሚካኤልን ያገባች ጊዜ፣ ሽማግሌው አጠገባቸው አስቀምጠዋት ሰማያዊዋን ገለበጡ። ቂጧ ላይ ያለውን አረንጓዴ ማህተም፣ ያልተቀባውን የጠርዙን ቀለበት፣ ከማህተሙ ጎን ስትሠራ የቀረችባትን ምስር የምታክል እብጠት አሳዩዋት። ዕቃ እንዲህ ነው የሚታወቀው አሏትና ሰማያዊዋን እዚያው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

ከዚያ ወዲያ ያዛት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውላ ስትመለስ፣ አሮጌ ዕቃ እየገዙ በየሰፈሩ የሚዞሩትን ቆራሌዎች ከመንገድ እየጠራች ጆንያቸውን ታስፈታለች። ሰው የጣለውን እየለቀመች ቡፌውን ሞላችው፤ ውስጡ የአየር አረፋ የቀረበት አረንጓዴ የጠርሙስ፣ ከመድፍ ቀለህ የተቀጠቀጠ ናስ፣ ጆሮው የተሰበረ ቡናማ ሸክላ። ባሏ ተስፋሚካኤል የብረታ ብረት ሠራተኛ ነበር፤ ዝምተኛ፣ መዳፉ አካፋ የሚያክል ሰው። እሱ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ "ማስቀመጫው ሞልቷል፣ አበባው የታለ?" ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ሁሉንም ስትወለውል ሰማያዊዋን ግን እሱ ነበር የሚያጸዳት። የአባቱ ስለሆነች ነው ብላ ትተወው ነበር።

ተስፋሚካኤል የሞተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጨጓራ ነው ሲሉት ቆይቶ ጉበት ሆኖ ተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። መሰለችም አላለቀሰችም።

ይህን ሰፈሩ ሁሉ አየ። ለቅሶ ቤት የማታለቅስ ሚስት ደግሞ ምን እንደምትባል የታወቀ ነው። አስለቃሿ ስሙን እየጠራች፣ ደግነቱን እየቆጠረች ደረቷን ስትደቃ፣ መሰለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ የድንኳኑን ገመድ ታያለች። ገመዱ ላልቷል፣ ማን ይወጥረዋል ብላ ታስባለች። አንዳንዱ እንባዋ ደረቀ አለ፣ አንዳንዱ ድንጋጤ ነው አለ፣ አንዳንዷ ደግሞ ድሮም ከባሏ ይልቅ ሸክላዋን ነበር የምትወደው አለች። ይህኛው ጆሮዋ ደረሰ። ሰማችውና አለፈችው። ቢከፋት በወደደች ነበር። አልከፋትም።

ድንኳኑ ተነሣ፣ አርባውም ወጣ። እሷ ግን ያው ናት። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትጋደማለች። የቀዳችው ሻይ ቆዳ እስኪያወጣ ታየዋለች። ወደ ቃሊቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች መስኮቱን ሲያርገበግቡት መኪና አለፈ ትላለች፣ ቀጥሎ ሌላ መኪና አለፈ ትላለች፣ ቀኑ እንደዚያ ይመሻል። እኔስ ሰው አይደለሁም እንዴ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ ጥያቄውም ብዙ አላስጨነቃትም። አንድ ቀን ጫማውን አልጋ ሥር አገኘችው፣ አወጣችው፣ አቧራውን አራገፈችና መልሳ አስቀመጠችው። የምትፈራው ነገር ቢኖር እንዲሁ እንደደነዘዘች ሳታለቅስለት መቅረትን ነው። አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ትዳር ነው። አንድ እንባ እንኳ አጣሁለት ትላለች ለብቻዋ፣ ይህንንም የምትለው የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው ሆና ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎኗ ያልጠፋችው ሳፊያ ናት። ሳፊያ የስልጤ ልጅ ናት፣ ከባሏ ከኑሪ ጋር በር ላይ ሱቅ አላቸው፣ ግቢያቸው ከመሰለች ግቢ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ዙሪያውን ከመሄድ ብሎ ተስፋሚካኤል በገዛ እጁ ግድግዳው ላይ ትንሽ የብረት በር ሠርቶላቸዋል። ዓውደ ዓመቱም ኢዱም በዚያች በር ነው የሚመላለሰው። አሁን ደግሞ ሾርባው፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ በዚያች በር ይመጣል። ሳፊያ ታቀርባለች፣ ጥቂት ትቀመጣለች፣ ስታበቃ ቀና ብላ ቡፌውን ታይና ዓይኗን ቶሎ ትመልሳለች። መሰለች ይህን ልብ አላለችውም። ምን ልብ የምትለው ነገር ነበርና።

ለቅሶ ሲሆን ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ወጉ ነው። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሰው የሚያጌጥበት ነገር ሁሉ ተለቅሞ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ፍራሽና አግዳሚ ይዘረጋል። ተስፋሚካኤል ሲሞትም የእድሩ ሰዎች እንዲሁ አደረጉ። ሶፋው አንዱ ጋ ገባ፣ ቴሌቪዥኑ ሌላው ጋ ገባ። የመሰለች የአበባ ማስቀመጫዎች ግን የሚሰበሩ ናቸውና፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ያላት ሳፊያ ናት ተብሎ ሁሉም እሷ ቤት ገቡ። ከአርባው በፊት ሳፊያ አንድ በአንድ ተሸክማ መልሳ ቡፌው ላይ ደረደረቻቸው። መሰለች ያኔ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። አንዱንም አልነካችም።

ከአርባው በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጇ ሶሊያና ከቱሉ ዲምቱ መጣች። ሶሊያና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ኮንዶሚኒየም ገብታ ቤቷን በማሟላት ላይ ነበረች። እናቷን ስታይ ሆዷ ባባ፤ እሷ አባቷን በደንብ አልቅሳለታለች። ምሳ ከበሉ በኋላ ከአባዬ አንድ ነገር ቤቴ ይግባልኝ ብላ ሰማያዊዋን ለመነች። ሳሎኗ ውስጥ ከፎቶው አጠገብ ልታቆማት ነው። መሰለች ውሰጃት አለች። ድሮ ቢሆን ሰማያዊዋን የጠየቀ ሰው ጉድ ይፈላበት ነበር፣ ልጇም ብትሆን። አሁን ግን አንድ ስኒ ቡና የተጠየቀች ያህል እንኳ አልመሰላትም።

ጋዜጣ አነጠፈችና ልትጠቀልላት አነሣቻት። እጇ በልማዱ ገለበጣት።

ማህተም የለም። መሰለች መነጽሯን አላደረገችም፣ አላስፈለጋትም። ምስሯን በአውራ ጣቷ ፈለገቻት፤ የለችም። ከማህተሙ ቦታ ላይ የሆነ የተለጠፈ ነገር ተፍቆ የቀረ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት አለ። ጣቷን አንገቷ ውስጥ ከተተች፣ የመገጣጠሚያው መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ወፉን አየችው። የግራው ክንፍ የቀኙ ቁርጥ ነው። መርካቶ ውስጥ ከሚደረደሩት አንዷ ናት።

ሶሊያና የእናቷን ፊት አይታ ምን ሆነሻል አለች። መሰለች ይህች ሰማያዊዋ አይደለችም አለች፣ ድምጿ እንኳ ከፍ አላለም። ልጅቱ እስኪገባት ቆየ። ሲገባት ለቅሶውን አስታወሰች፣ ዕቃው የት እንደገባ አስታወሰች፣ ዞራ የግድግዳውን ትንሽ በር አየች። ምናልባት ተሰብሮባት ይሆናል፣ ሆን ብላ አታደርገውም፣ ሄደሽ ጠይቂያት አለች። መሰለች ጋዜጣውን አጠፈች። ምን ብላ ትጠይቅ? ባሌ ሲሞት የአማቴን ስጦታ ሰብረሽ በአስመሳይ ለወጥሽብኝ ትበል? ብትቆጣ ጥሩ ነበር፣ የተቆጣ ሰው ጮኾ ይወጣለታል። እሷ ጋ ግን ቁጣ የሚባል ነገር አልመጣም። ሶሊያና ሌላ ሳትመርጥ፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብላ ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

መሰለች ግን አንድ ነገር አደረገች። የውሃ በርሜሉን እየገፋች ወስዳ በትንሿ በር ላይ አስደገፈችው።

በማግስቱ ሳፊያ በሩን ብትገፋ እምቢ አላት። ዝጎ ነው ብላ ዙሪያውን ሄዳ በዋናው በር ሾርባ ይዛ መጣች። መሰለች ተቀበለቻትና ግቢ አላለቻትም። ሳህኑን ሰው ልካ መለሰችላት፤ ባዶውን። እንግዲህ በዚህ ሰፈር ምግብ የመጣበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ምንም ከጠፋ አንድ ሎሚ፣ እፍኝ ቆሎ ጣል ይደረግበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሁለቱ ቤት መካከል አንድም ሳህን ባዶውን አልተመለሰም። ሳፊያ ሳህኑን ይዛ ሱቋ ውስጥ ቆማ ቀረች ይባላል።

ሳምንቱን መሰለች ከቤት አልወጣችም። ሰማያዊዋን የምትመስለዋን ቡፌው ላይ መልሳታለች፣ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራታለች። አሁን የእውነት ለብቻዬ ነኝ አለች። ባል ሄደ፣ ጎረቤትም ሄደ። ይኼም አላስለቀሳትም። መኪና አለፈ፣ ሌላ መኪና አለፈ። ከግድግዳው ማዶ የሳፊያ ድምፅ ይሰማል፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ዘይት ትቀዳለች። መሰለች ታዳምጣለች፣ ድምፁ ሲቋረጥ ደግሞ ትጠብቃለች። ናፍቆት መሆኑን አላወቀችውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳፊያ በዋናው በር ገባች። አልተጠራችም። ሻሿን አስተካክላ ከመሰለች ፊት ቆመች።

"እትዬ መሰለች፣ ምን አጠፋሁ? ንገሪኝና ልወቀው።"

 መሰለች ተነሥታ አስመሳይዋን ከቡፌው ላይ አወረደቻትና ጠረጴዛው ላይ ደፋቻት፣ ቂጧን ወደ ላይ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሳፊያ አየች። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። መሰለች ይህን ስታይ ልክ ነበርኩ አለች በልቧ፣ ልክ መሆኗም ምንም አልጨመረላትም። ሳፊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ እንደታመመ ሰው።

"ወላሂ እኔ አልሰበርኳትም" አለች። "አማና፣ የሰው አደራ ነው የያዝኩት። ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው።"

መሰለች ቀና አለች።

ከዚያ ሳፊያ ነገረቻት። ሶሊያና ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ነው። መሰለች እህቷ ታማባት ደብረ ብርሃን ሄዳ ሰንብታ ነበር። ልትመለስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት ተስፋሚካኤል ከሚሠራበት ፋብሪካ ግቢ ጽጌረዳ ቆርጦ አመጣ፤ ማስቀመጫው ሞልቷል አበባው የታለ ሲል የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን እሱ ራሱ አበባ ሊያደርግበት ፈለገ። ከሁሉም ሰማያዊዋን መረጠ። ውሃ ሞላት፣ እጁ ርጥብ ነበር፣ አመለጠችው። ሳፊያ ድምፁን ከግድግዳው ማዶ ሰማችና በትንሿ በር ገባች። ያ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ስብርባሪውን ጭኑ ላይ ይለቅም ነበር። ጣቱ ደምቷል። አላየውም።

ሳፊያ እትዬ ብትቆጣ ለአንድ ቀን ነው ብላ ልታጽናናው ሞከረች። እሱም ያላትን ሳፊያ ቃል በቃል ይዛዋለች፤ "ቁጣዋን አይደለም የምፈራው። ዝም ብትለኝ ነው የማልችለው።"

በማግስቱ ሁለቱ መርካቶ ወረዱ። እሱ ስባሪውን፣ ወፉ ያለበትን፣ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ይዟል፣ በየሱቁ እያወጣ ያሳያል። ነጋዴው ሁሉ ይቺማ የድሮ ናት አባባ እያለ ይመልሰዋል። መሸት ሲል አንዱ ጋ የምትመስላት አገኙ። ሰፈር ተመልሰው የሳፊያን ሱቅ ባንኮኒ ተደግፎ የአዲሷ ቂጥ ላይ ያለውን የዋጋ ወረቀት በካራ ሲፍቅ፣ ትለያት ይሆን አላት። ሳፊያም እውነቱን ነገረችው፤ እትዬ መሰለች ሰማያዊዋን በጨለማ ታውቃታለች፣ ሳታውቅ አንድ ቀን አታድርም አለችው። ባይሆን ስታውቅ አብሬዎት እቆማለሁ አለችው።

መሰለች ያን ቀን ትዝ አላት። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ ስትገባ ቤቱ በጽጌረዳ በርቶ ነበር። አበባ! ምን ታይቶህ ነው? አለችው። እሱ ከጓዳው በር ቆሞ ፊቷን ፊቷን ያይ ነበር። እሷ አበባውን አሸተተች፣ ደክሟት ስለነበር ቁጭ አለች፣ ስለ እህቷ ማውራት ጀመረች። የሰውን ሁሉ ማስቀመጫ ስትገለብጥ የኖረች መሰለች የራሷን አልገለበጠችም። የራሷ ናታ፤ ምን ትፈልግባታለች?

"ማታውን በትንሿ በር መጡ" አለች ሳፊያ። "አላየችም አሉኝ። እኔ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አሉ። በኋላም በየጊዜው ነገ እነግራታለሁ ይሉኝ ነበር። ሆስፒታል ልጠይቃቸው የገባሁ ቀን እጄን ይዘው 'ሳፊያ፣ ያቺን ነገር' አሉኝና ትንፋሽ አጠራቸው። ንገሪያት ማለታቸው ይሁን ደብቂያት ማለታቸው አላወቅኩም። አንቺን ባየሁ ቁጥር ልናገር እልና አማናው ይይዘኛል።"

 መሰለች እጇን ሰድዳ የተደፋችውን አነሣቻት። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዞረችው፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ጠርዙ ለስልሷል። ጭረቱ ወዲያም ወዲህም ነው። ይህች ዕቃ ባለፈው ወር ከሱቅ የወጣች አይደለችም፤ ዓመታት ሙሉ ከዳንቴሉ ላይ ስትነሣና ስትቀመጥ ኖራለች። ይህንን የመጀመሪያው ቀን ማየት ነበረባት፣ ማንኛዋም የሰው ዕቃ ብትሆን ታየው ነበር። ስህተት ስታገኝ ፈርዳ ዘጋች፣ ጠርዙን ሳትዞር።

ያለሰለሰው ማን ነው? እሱ ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ "ያቺን ለእኔ ተያት" እያለ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ በዚያ አካፋ በሚያክል መዳፉ ቂጧን ሸፍኖ ሲወለውላት የኖረ እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ መሰለች እቺን አያችኋት፣ የፈረንሳይ ናት፣ የአማቴ ናት ብላ ስትጀምር፣ ተስፋሚካኤል ግቢ ውስጥ የረሳው ነገር ትዝ ይለውና ውልቅ ይል ነበር። እሷ ዝምተኛነቱ ነው ትል ነበር። አፍሮ ነበር። ስንት ቅዳሜ፣ ስንት እንግዳ!

"ይሄ ሌባ" አለች መሰለች፣ ሳቀችም። ሳቁ ራሷን አስደነገጣት። ሳፊያም ልትስቅ ብላ ፊቷን ስታይ ተወችው። "ዝም ብትለኝ አልችልም ነው ያለው?"

"እንደሱ ነው ያሉት።"

"እኔ እኮ ዝም አልኩት፣ ሳፊ። ሬሳው ላይ ዝም አልኩት።"

ሰማያዊዋን የምትመስለዋን ደረቷ ላይ አድርጋ አቀፈቻት። ሶሊያና አረንጓዴውን ትውሰድ፣ የፈለገችውን ትውሰድ፣ ይህችን ግን ማንም አይነካብኝም አለች። ማለቷንም አልጨረሰች። ከሆዷ የሆነ ነገር ተነሣ፣ ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ስሙ ሆነ። ተስፋዬ አለች። ተስፋዬ፣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ሁለታችን ቁጭ ብለን እንስቅባት አልነበር ወይ፣ ተስፋዬ ጣትህ ደምቶ ማን አሰረልህ። እንባው መጣ፣ ከንቱ ወሬኞቹ ደረቀ ያሉት እንባ ሁሉ መጣ። ለቅሶዋ ከቤቱ ወጥቶ፣ ከግቢው አልፎ፣ የባጃጅ ተራው ድረስ ተሰማ። ሳፊያ ልታስቆማት አልሞከረችም፣ ወገቧን ይዛ አብራት አለቀሰች።

ሰፈሩ ደንግጦ ወጣ። ድንገተኛ እሪታ ሲሰማ መርዶ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሳፊያ ሱቅ ሊገዙ መጥተው የነበሩት ሴቶች በትንሿ በር ገፍተው ሲገቡ በርሜሉ ተገልብጦ ውሃው ግቢውን ሞላው። የእድሩ ዳኛ አቶ አሻግሬ ባርኔጣቸውን አንጋደው፣ ከዘራቸውን እየመቱ በዋናው በር ደረሱ። ሳፊያ ፊቷን ጠራርጋ ደጃፉ ላይ ተቀበለቻቸው።

"ማን ሞተ?" አሉ አሻግሬ።

"ጋሽ ተስፋሚካኤል" አለች ሳፊያ።

አሻግሬ አዩዋት። ከውስጥ የመሰለችን ድምፅ ሰሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ገብተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።